ከናዋትል የመጡ የስፓኒሽ ቃላት፦ ክፍለ ቃልና ጫና

ናዋትል የአዝቴኮች ቋንቋ ነው፤ ዛሬም በሜክሲኮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረዋል። ኤርናን ኮርቴስ በ1521 እ.ኤ.አ. ቴኖችቲትላንን ከያዘ ወዲህ ብዙ ቃላቱ ወደ ስፓኒሽ ገብተዋል። እኛም ቲማቲምና አቮካዶ የምንላቸው ስሞች ዞረው ዞረው ከዚያው የመጡ ናቸው።

በናዋትል ጫና፣ ማለትም ድምፅ ጎላ ብሎ የሚሰማበት ቦታ፣ ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍለ ቃል ነው። ስፓኒሽም በአናባቢ፣ በ«ን» ወይም በ«ስ» ለሚያልቁ ቃላት ይህንኑ ይከተላል። በሌላ ተነባቢ ካለቁ ግን ጫናው መጨረሻው ላይ ይወድቃል። ከደንቡ የወጣ ቃል በአናባቢው አናት ላይ ጭረት ይደረግበታል።

ለቲማቲም የናዋትሉ ቃል «ቶ-ማትል» ነው፤ ጫናው «ቶ» ላይ። ስፓኞች ለአፋቸው ያስቸገራቸውን መድረሻ «ቴ» ሲያደርጉት «ቶ-ማ-ቴ» ሆነና አንድ ክፍለ ቃል ጨመረ፤ ጫናውም ወደ «ማ» ተሻገረ። ኮዮቴ፣ የሜዳ ቀበሮ መሳዩ አውሬ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። በእሳተ ገሞራው ፖ-ፖ-ካ-ቴ-ፔትል ስም ግን መድረሻው ስላልተነካ ጫናው «ቴ» ላይ ቀርቷል፤ ጭረቱም እዚያው ይጻፋል።

ወጥነት ግን አይጠበቅም። የመጨረሻው የአዝቴክ ንጉሥ ኳው-ቴ-ሞክ ጫናውን «ቴ» ላይ በጭረት ጠብቋል። የሜክሲኮ ከተማው ቻ-ፑል-ቴ-ፔክ በናዋትል ጫናው እንዲሁ «ቴ» ላይ ነበር፤ ስፓኒሽ ግን ወደ «ፔክ» ወስዶታል። የአገሪቱ ስም ደግሞ ወደ ኋላ ሄዷል፤ በናዋትል ከመጨረሻው በፊት የነበረው ጫና በስፓኒሽ የመጀመሪያው «ሜ» ላይ ነው። ለቴኖችቲትላን የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ ሁለቱንም አነባበብ ይቀበላል፦ ጫናው «ቲ» ላይም «ትላን» ላይም ሊሆን ይችላል።

አከፋፈሉን በተመለከተ የሚያከራክረው «ት» እና «ል» ሲከታተሉ ነው። አትሌት ለማለት ሜክሲኳውያን «አ-ትሌ-ታ» ይላሉ፤ አብዛኛው ስፔን «አት-ሌ-ታ» ይላል። ልዩነቱ የናዋትል ተጽዕኖ ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁንና በካናሪ ደሴቶችም እንደ ሜክሲኮ ስለሚባል ማስረጃው በቂ አይደለም። አካዳሚው በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአጻጻፍ ደንብ በመስመር መጨረሻ ላይ «አትሌታ»ን በሁለቱም መንገድ መክፈል ይፈቀዳል፤ ከናዋትል በመጡ ቃላት ውስጥ ግን ሁለቱ ፊደላት አይነጣጠሉም።