ጸሐፌ ውሳኔ
በታላቅ አደጋ ጊዜ፣ ከአዛዡ ጐን ተቀምጦ አዛዡ የሰማውን ወሬ፣ የሰጠውን ውሳኔና ውሳኔውን የሰጠበትን ምክንያት በዚያው ሰዓት የሚጽፈውን ሠራተኛ እንግሊዞች «ሎጊስት» ይሉታል። እኛም «ጸሐፌ ውሳኔ» እንበለው፤ «መዝጋቢ» ቢባል የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ይመስላል፣ «ቃለ ጉባኤ ያዥ» ቢባልም ስብሰባው ካለቀ በኋላ ሁሉ የተስማሙበትን አሳጥሮ የሚያቀርበውን ያሳስባል። «ጸሐፌ ትእዛዝ» የሚለው የጥንቱ ማዕርግ ለስያሜው መንገድ ጠርጎልናል፤ የኛው ጸሓፊ ግን ሹመት የሌለው ትሑት ሠራተኛ ቢሆን አይነቀፍም።

ጸሐፌ ውሳኔ አይመክርም፣ አይከራከርም፣ ስልክም አያነሣም። ገጹ አስቀድሞ ቍጥር በተሰጠው ደብተር፣ በማይለቅ ቀለም ይጽፋል፤ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዞ ይፈርምበታል እንጂ አይፍቅም፣ ገጽም አይቀድም፤ አዛዡ የተወውንም አማራጭ ከነምክንያቱ ያሰፍራል፣ ኋላ መርማሪ መጥቶ «ይህንስ ለምን አላደረጋችሁም» ማለቱ አይቀርምና። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ትርፍ ነው የሚል ቢኖር የሂልስቦሮን ነገር ይመልከት፦ እ.ኤ.አ. በ1989 በሼፊልድ ስታዲዮም በደረሰው መጨናነቅ በጠቅላላው 97 ሰዎች የሞቱበትን አደጋ የመረመረው ገለልተኛ ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ዘገባ 164 የፖሊስ ምስክርነቶች ኋላ እንደ ታረሙ፣ ከእነርሱም በ116ቱ ፖሊስን የሚነቅፈው ቃል እንደ ተሰረዘ ወይም እንደ ተለወጠ ገልጿል።

የጅማ አገር ግን በመከራ ሰዓት በጥንቃቄ የተጻፈ መዝገብ ምን እንደሚያፈራ በቡናው ያውቀዋል። ለጋውን ፍሬ የሚያጠቍረው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ታይቶ እርሻውን ሁሉ ባሠጋ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች በታመሙት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን እናት ዛፎች እየፈለጉ፣ ለእያንዳንዱ የተመረጠበትን ዓመትና የምርጫውን ቍጥር ሰጡት። በጅማ አጠገብ ከመልኮው ምርምር ማዕከል የወጡት «741»፣ «74110» እና «74112» የተባሉት ዝርያዎች ስማቸው ራሱ መዝገብ ነው፤ የመጀመሪያው ከጌራ፣ ሁለተኛው ከመቱ አቅራቢያ ከቢሻሪ መገኘቱም ሳይጠፋ የቀረው ያን ጊዜ ስለ ተጻፈ ነው።

ነገር ግን በዝርያዎቹ ስም መጀመሪያ ያለው 74 ዓመቱን የሚያመለክተው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ በእኛ የሚቈጥር አንባቢ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይስታል። ለጅማ፣ ለአጋሮና ለሊሙ ገነት ሠራተኞች የጸሐፌ ውሳኔ ሥልጠና ከዚሁ ከጊዜ አቈጣጠር መጀመር አለበት እላለሁ፤ ከእንግሊዝ የተቀዳ መማሪያ ይህን ችግር አያነሣውምና። «3 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ፣ የጧት ይሁን የሌሊት፣ በእኛ ይሁን በፈረንጅ ካልተለየ፣ ከውጭ ለመጣው ረዳት ስድስት ሰዓት ያሳስተዋል። በስም በኩል ደግሞ የወረዳው ጽሕፈት ቤት በኦሮምኛ በቁቤ፣ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ፣ ዘመድ በአማርኛ ስለሚጽፉት አንዱ ቍስለኛ ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የአባትና የአያት ስም፣ ቀበሌም ጭምር ይጨመር።

ሥልጠናውም ከመምህር ቃል ይልቅ በልምምድ ቢሆን ይሻላል፤ ሁለት ጸሓፍት በአንድ የማስመሰያ አደጋ ላይ ለየብቻቸው ይጻፉ፣ ከዚያም አዛዡ ባለበት ሁለቱ ደብተሮች ገጽ በገጽ ይነበቡ፣ የማይስማሙበትም ሰዓት ሁሉ ይመርመር።