የነፃው ዩኒቨርሲቲ ተርጓሚ

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ትርጉም ብዙ ለፍልፌያለሁ። ተርጓሚ ያላገኘ መጽሐፍ በተጻፈበት አገር ታስሮ ይቀራል፣ እያልኩ። ኮምፒዩተር ውስጥም ይኸው ጣጣ እንዳለ የገባኝ ግን ዘግይቼ ነው።

ፕሮግራም የሚጻፈው ሰው በሚያነበው ቋንቋ ነው። ማሽኑ ደግሞ ከራሱ ቁጥር በቀር አይሰማም። በመሃል ገብቶ የሚያግባባቸው ፕሮግራም ኮምፓይለር ይባላል። ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መሄድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚያ የሚሆነኝ ኮምፓይለር አለ ወይ?» ብሎ ነው። ከሌለ የጻፈው ሁሉ ወረቀት ነው።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ማንም አይቶ፣ አሻሽሎ፣ ለጎረቤቱ የሚያካፍለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። ውጥኑን ግኑ አለው። ኮምፓይለር ከየት ይምጣ?

አምስተርዳም ውስጥ «ነፃ ዩኒቨርሲቲ» የሚባል አለ። በ1880 ሲቋቋም ከመንግሥትም ከቤተ ክህነትም ቁጥጥር ነፃ ነኝ ለማለት ነው ይህን ስም የያዘው። እዚያ ብዙ ቋንቋ ለብዙ ዓይነት ማሽን የሚተረጉም ኮምፓይለር ተሠርቶ ነበር። ስቶልማን «ልጠቀምበት?» ብሎ ጻፈ። ኋላ ራሱ እንዳወጋው፣ የመጣለት መልስ ፌዝ ነበር፤ ነፃው ዩኒቨርሲቲው ነው እንጂ ኮምፓይለሩ አይደለም።

መቼም ሳነበው ስቄያለሁ። በእኛም ቋንቋ «ነፃ» ያችው ናት። ነፃ የወጣ አገር አለ፣ በነፃ የታደለ ቲኬት አለ፣ ፍርድ ቤት በነፃ ያሰናበተው ሰውም አለ። ስቶልማን ከዚያ ወዲህ «የምለው ስለ ነፃነት እንጂ ስለ ዋጋ አይደለም» ሲል ኖሯል። የቃል ነገር ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ከካሊፎርኒያው ሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ፓስቴል የተባለ ኮምፓይለር አገኘ። ሲ የተባለውን ቋንቋ የሚያነብ ክፍል ቀጠለለትና ሞቶሮላ 68000 ወደሚባለው ማሽን ያዛውረው ጀመር። ወዲያው ተሰናከለ። ፓስቴል ለሥራው ብዙ ሜጋባይት ጊዜያዊ ማስታወሻ ይጠይቃል፤ በዚያ ማሽን ላይ ያለው ዩኒክስ ግን ከ64 ኪሎባይት በላይ አይፈቅድም። ለካስ ፓስቴል ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ የያዘውን ቦታ አንዲት እንኳ ሳይለቅ ነው የሚተረጉመው። መጽሐፉን በሙሉ በቃሉ ካልያዘ አንድ አንቀጽ የማይተረጉም ሰው አስቡ! እንዲህ ያለ ተማሪ ነበረኝ። ጎበዝ ነበር፤ ፈተና ግን አይጨርስም።

ስቶልማን ፓስቴልን ተወው። ከዓመታት በኋላ አዲስ ኮምፓይለር ከመሠረቱ ጻፈ፤ ከድሮው ድካሙ የተረፈችው ያቺ የሲ ክፍል ብቻ ናት። ጂሲሲ ተብሎ በ1987 ወጣ።

በነሐሴ 1991 የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ሲያስተዋውቅ፣ ጂሲሲን አዛውሬበታለሁ ብሎ አብሮ ተናገረ። ደጅ አልጠናም፣ ደብዳቤ አልጻፈም፤ ወስዶ ሠራበት። የሚገርመው፣ ሊኑክስን ሲጽፍ ይጠቀም የነበረው ሚኒክስን ነው፤ ሚኒክስ ደግሞ የተወለደው እዚያው ነፃው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ኮምፓይለርም አብሮት ይመጣ ነበር። ልጁ ግን የስቶልማንን መረጠ።

የአምስተርዳሙ ኮምፓይለር ራሱ ነፃ የወጣው በ2003 ነው።