ጀማሪው ቀዶ ሐኪም ከታካሚው በፊት የሚለማመድበት መነፅር

ከወልዲያ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ ይዞ ጋሸናን ያለፈ መንገደኛ የመቄት ወረዳዋን ፍላቂት ከተማ ያገኛል። በእንዲህ ያለ ቦታ ምጥ የጠናባት እናት ሌሊት ስትመጣ ቢላውን የሚይዘው ስፔሻሊስት ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው ፕሮግራም የጤና መኮንኖች ሦስት ዓመት ሠልጥነው የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ይሆናሉ፤ ከከተማ ርቀው የሚገኙ በርካታ ሆስፒታሎች ቀዶ ጥገና የሚሰጡትም በእነርሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሠልጣኙ አጠገቡ መምህር በሌለበት የመጀመሪያ ሌሊቱ ነው።

በቀዶ ሕክምና የቆየው ልማድ “አንዱን እይ፣ አንዱን ሥራ፣ አንዱን አስተምር” የሚል ነበር። የመጀመሪያው ስህተት ታዲያ በማን ገላ ላይ ይሠራል?

ለዚህ ከቀረቡት መልሶች አንዱ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ነው። ሠልጣኙ ዓይኑን የሚሸፍን መነፅር አድርጎ፣ በሁለት እጆቹ መያዣዎችን ጨብጦ፣ በኮምፒውተር የተሠራ የቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ይገባል። ማሽኑ የወሰደበትን ጊዜና ስህተቱን ይመዘግባል፤ አንዳንዱም ለእጅ የመቋቋም ስሜት ይሰጣል። የአሜሪካ ጦር ሐኪም የነበሩት ሪቻርድ ሳታቫ ሐሳቡን በሙያ መጽሔት ያስነበቡት እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር።

የብዙዎችን ጥርጣሬ ያቀለለው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 በየል ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ጥናት ነው። ከ16 ሠልጣኞች ግማሾቹ በማሽን ከተለማመዱ በኋላ ሁሉም እውነተኛ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ሠሩ። የተለማመዱት 29 በመቶ ፈጥነው ሲጨርሱ፣ ስህተታቸው በአማካይ ከሌሎቹ አንድ ስድስተኛ ያህል ነበር። የሚገርመው፣ ያ ማሽን የሰው ገላ እንኳ አያሳይም፤ ያለማምድ የነበረው ተራ ቅርጾችን ማንሳትና ማንቀሳቀስ ነው።

ይሁንና ያ ጥናት የተደረገው በካሜራ ለሚሠራ ቀዶ ጥገና ነው። ዛሬም በገበያ ላይ ካሉት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ለዚሁና ለመገጣጠሚያ አጥንት የተዘጋጁ ናቸው። የላስታና የመቄት ደጋ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ሆድ ተከፍቶ የሚሠራ ቀዶ ጥገና፣ ማለትም የማዋለጃ ኦፕሬሽን፣ የተጠማዘዘ አንጀት፣ የተቀደደ ማሕፀን። ስለዚህ ከዋጋው በፊት “የትኛውን ኦፕሬሽን ያስተምራል?” ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በዚህ ረገድ የዛምቢያ ሙከራ ይጠቅመናል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው በዚህ ጥናት ጀማሪ ሐኪሞች በማሕፀን በር ካንሰር ምክንያት ማሕፀንን ሆድ ከፍቶ ማውጣትን የተለማመዱት ለቪዲዮ ጨዋታ በሚሸጥ ርካሽ መነፅር ነው፤ ልምምዱም በተደጋገመ ቁጥር ብቃታቸው ተሻሽሏል።

መነፅሩ የማያስተምረውም አለ። የክር ውጥረትና የሚደማ ሥጋ በእጅ መነካት አለባቸው፤ ለዚህ የሙዝ ልጣጭና ከቄራ የመጣ የበግ አንጀት ይሻላሉ፣ ዋጋቸውም ቀላል ነው። አራሚ መምህር ከሌለ ደግሞ የተደጋገመ ስህተት ልማድ ሆኖ ይቀራል። መብራቱም ሌላ ጣጣ ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ክፉኛ ተዘርፈዋል፤ የማደንዘዣ መሣሪያ ያጣ ሆስፒታል መነፅር ይቅደምልኝ አይልም።

ተገቢው መነሻ ሠልጣኞቹ የሚማሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ኮምፒውተር የማይፈልገውና በባትሪ የሚሠራው ቀላሉ ዓይነት ግን ከተመራቂው ጋር ወደ ምድብ ቦታው ሊሄድ ይችላል፤ የተቀደደ ማሕፀን ለወራት ሳያጋጥመው ቆይቶ አንድ ሌሊት በድንገት ሊመጣበት ይችላልና።