ያልተዳኘው የጎንደር ገዢ

ባሕር ተሻግሮ የመጣ ወታደር በሰው አገር ለፈጸመው ወንጀል የት ይጠየቃል? በጎንደር ታሪክ ውስጥ ምላሽ ያላገኘ ምሳሌ አለን።

የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ «አማራ» የተባለው ግዛት መቀመጫ ስትሆን የመጀመሪያው ገዢ ጄኔራል አሌሳንድሮ ፒርዚዮ ቢሮሊ ነበር። በጄኔራል ናሲ የሚመራው የመጨረሻው ጦር እጁን የሰጠውም እዚያው፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን የ10 ጣሊያናውያንን ስም አቀረበች። ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒና ፒርዚዮ ቢሮሊ ይገኙበታል። ኮሚሽኑ በ1940 ዓ.ም. ሦስቱንም በተከሳሽነት መዘገባቸው። ጣሊያን ግን አንዱንም አሳልፋ አልሰጠችም። ግራዚያኒ በአገሩ 19 ዓመት የተፈረደበት ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያ ላይ በፈጸመው አልነበረም፤ እሱም በወራት ውስጥ ተፈታ። ፒርዚዮ ቢሮሊ ለፍርድ ሳይቀርብ በ1954 ዓ.ም. ሮም ላይ ሞተ።

እኛን በተለይ የሚመለከት ጉዳይም አለ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ሲረሸኑ፣ ከተኳሾቹ መካከል ወራሪው ያሰለፋቸው ሙስሊም የቅኝ ግዛት ወታደሮች ነበሩበት። ይህን ልንሸሽገው አይገባም። በኢስላም ግፍ ለሚያዝ አለቃ መታዘዝ የለም፤ ስለዚህ «ታዝዤ ነው» የሚለው ቃል ተኳሹን አያድነውም። የእሱ ጥፋት ግን የእሱና የአዛዡ ነው፤ በእምነቱ ተከታዮች ሁሉ ላይ አይጫንም።

የተበዳዮች ሐቅ በዱንያ ፍርድ ቤት ባይመለስም፣ አላህ ዘንድ አይጠፋም።