ካሜራችሁን ከመቀየራችሁ በፊት
አቀስታ ላይ ለዓመታት ሰርግና በዓል ያነሳችሁበትን ዲጂታል ካሜራ በአዲስ ልትቀይሩት ነው እንበል። እስቲ መጀመሪያ ወደ ኋላ እንመለስ።

ከአቀስታ በስተሰሜን መቅደላ አለ። በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ወደዚያ ሲዘምት ፎቶ አንሺ ወታደሮችም አብረው ነበሩ። ያኔ ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ኬሚካል ይቀባል፣ ሳይደርቅም ተነስቶ ይታጠባል። ስለዚህ ጨለማ ክፍሉም ከካሜራው ጋር ይጓዛል ማለት ነው!

ቀጥሎ ፊልም መጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ የኮዳኩ ስቲቨን ሳሰን ያለ ፊልም የሚሠራ ካሜራ ሠራ፤ ጥራቱ 0.01 ሜጋፒክስል ብቻ ሲሆን አንድ ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በ1999 የወጣው፣ ሌንሱ የሚቀያየረው ኒኮን ዲ1 2.7 ሜጋፒክስል ደረሰ። ዛሬ 24 ሜጋፒክስል ብርቅ አይደለም።

አዲሱ ካሜራ በደብዛዛ ብርሃን የተሻለ ያነሳላችኋል፤ ከገጠመለት የድሮው ሌንስም ያገለግላል። ግን አንድ ነገር አትርሱ፦ የዚያ ዘመቻ ፎቶዎች ዛሬም ይታያሉ። የእናንተዎቹስ? ሜሞሪ ካርድ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። አሮጌውን ከመሸጣችሁ በፊት ፎቶዎቹን ሁለት ቦታ ገልብጡ።