ከአቃቂ ሜዳ እስከ ስቶክሆልም፤ የ1916ቱ ጉዞ ዝግጅትና ፍሬ

ሰው ወደማያውቀው አገር ለጥቂት ቀናት ሲሄድ ከስንቁ አስቀድሞ ሊቆርጠው የሚገባ ነገር አለ፤ እርሱም ምን ፈልጎ እንደሚሄድ ነው። አልጋ ወራሽና እንደራሴ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ እስከ ስዊድን ዋና ከተማ እስከ ስቶክሆልም መዝለቃቸው ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆነናል።

ሚያዝያ 8 ቀን 1916 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው ባቡር የአቃቂን ሜዳ አቋርጦ ቁልቁል ወደ ጅቡቲ ተጓዘ። ሐዲዱ ከመዲናይቱ ከደረሰ ገና ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ኢትዮጵያም የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ሰባት ወር አልሞላትም ነበር።

የዝግጅቱ ከባድ ክፍል የአገር ቤቱ ነበር። እንደራሴው ለወራት ከዙፋኑ አጠገብ ሲርቁ ምን ይከተል ይሆን? ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በአዲስ አበባ ቀሩ፤ የጎጃሙ ራስ ኃይሉና የትግራዩ ራስ ሥዩም ግን ከተጓዦቹ ጋር ተሳፈሩ። ይህ ለመኳንንቱ ክብር ነበር፤ ለመሪው ደግሞ ጥንቃቄ። የብዕር ሰው ኅሩይ ወልደ ሥላሴም አብረው ነበሩና የጉዞውን ታሪክ «ደስታና ክብር» በተሰኘ መጽሐፋቸው አቆዩልን።

ፓሪስ፣ ሮማና ለንደን የመሄዳቸው ምክንያት ግልጽ ነው። በ1899 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ጥቅማቸውን በውል የተከፋፈሉት ሦስቱ መንግሥታት የባሕሩን በር ይዘው ነበርና፣ ወደብ የሚጠየቀው ከእነርሱ ነው። ስቶክሆልም ግን ለምን? ስዊድን በአፍሪካ ቅኝ ግዛት አልነበራትም፤ ከኢትዮጵያም ጋር በወሰን አትገናኝም። ሐኪም ወይም አስተማሪ ብትልክ፣ ከኋላው ጦር ይከተላል ተብሎ አይፈራም።

ከተማይቱም ፈጽማ ባዳ አልነበረችም። የስዊድን ሚሲዮናውያን በ1858 ዓ.ም. ምጽዋ ገብተዋል፤ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ኦኔሲሞስ ነሲብም ከባርነት ከወጣ በኋላ በዚያችው ከተማ አጠገብ በሚገኘው የዮሐንሰሉንድ ትምህርት ቤት ለዓመታት ተምሯል። ስለዚህ የመኳንንቱን ጓዝ የቀደመው የአንድ ተማሪ እግር ነበር።

እንግዶቹ የደረሱት የእኛ ክረምት ሊገባ ሲል፣ በዚያ ግን በጋው በሚጀምርበት ወቅት ነው። በዚያ ወራት የስቶክሆልም ፀሐይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጠልቃ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች። ቀኑ ቢረዝምም የቆይታው ቀናት ጥቂት ነበሩ።

ራስ ተፈሪ ነሐሴ 29 ቀን ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ከሦስቱ ኃያላን የፈለጉትን ወደብ አላገኙም። ከስዊድን ጋር የተጀመረው ወዳጅነት ግን በየዓመቱ እያፈራ ሄደ። ዶክተር ሃነር የቤተ ሳይዳን ሆስፒታል መሩ፤ የቋንቋ ሊቁ ዮሐንስ ኮልሞዲን፣ ቀጥሎም ጄኔራል ቪርጂን አማካሪ ሆነው መጡ። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን አልጋ ወራሽ ጉስታፍ አዶልፍ ኢትዮጵያን ጎበኙ፤ በዚያው ዓመት በሻምበል ታም የሚመራው የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ሥራውን ጀመረ።

ይህ ሁሉ ወረራውን አላስቀረም። ጦርነቱ ሲነሣ የኢትዮጵያ ድምፅ በአቃቂ ከተተከለው የራዲዮ ጣቢያ ወደ ዓለም ይላክ ነበር፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሠፈርን ደበደቡ። ከእኛ ቁስለኞች ጋር የስዊድንም ሰው ደም ፈሰሰ።

ወዳጅነት በጭንቅ ቀን ይለካል። የጥቂት ቀን እንግድነት ይህን ያህል ዘመን የተሻገረው፣ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ከማን ምን እንደሚጠይቅ ለይቶ ስለነበር ነው።