ማረጋገጥ፦ ዕጣ ባለበት

ዕጣ የገባበትን ሥራ «አረጋገጥሁ» ማለት ይቻላል? ይቻላል፤ የቃሉ ይዘት ግን ይለወጣል። ለምሳሌ ፋየርዋየር በተባለው ገመድ የተያያዙ ሁለት መሣሪያዎች መሪ ሲመርጡ፣ በር ላይ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚባባሉ ሰዎች አንዱ ሌላውን «አንተ ምራ» እያለ ሊፋጠጡ ይችላሉ። መፍትሔው ዕጣ ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ሳንቲም እንደሚጥል ሰው አጭር ወይም ረጅም ጊዜ መጠበቅን ይመርጣል። ምርጫቸው ከተለያየ ጉዳዩ አለቀ፤ ከተመሳሰለ እንደገና። ሳንቲሙ ሚዛናዊ ከሆነ፣ ከ10 ዙር በኋላም ተፋጠው የመቅረታቸው ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። መቶ ጊዜ ሞክሮ «ሠራ» ማለት ሙከራ እንጂ ማረጋገጥ አይደለም። እዚህ ማረጋገጥ ማለት የሚቻሉትን መንገዶች ሁሉ በሒሳብ መመዘን ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ «ተረጋግጧል» ሲሉዎት «በምን ያህል ዕድል? በስንት ጊዜ ውስጥ?» ብለው ይጠይቁ።